የጋሽ ሙሄ ወዛደር

የጋሽ ሙሄን ሞት የነገረኝ ሰዓቱን ሊያሠራ የመጣ ሾፌር ነው። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ በመስኮቴ እያቀበለኝ፣ «ሙሄ ዳኛውኮ ትናንት ደሴ ተቀበረ፤ ሰምተሃል አይደል?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። የሰዓቱን ጀርባ ከፍቼ በማጉያ መነጽሬ ማየት ጀመርኩ። ሾፌሩም፣ «ይቀመጥ የነበረው አንተ ጋ አልነበር እንዴ?» አለ። «እኔ ጋ ነበር» አልኩት። ሰዓቱ ምንም አልሆነም፤ ቆሽሾ ነው የቆመው።

ሱቄ ኮምቦልቻ፣ ወደ አሰብ የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ሜዳ ፊት ለፊት ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ ሬዲዮ የሚያጨናንቋት የቆርቆሮ ክፍል። ሰዓት መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም፤ የተጣሉ ሰዓቶችን እየፈታሁና እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። መንገዱ ተዘግቷል ሲባል ወይም የይለፍ ወረቀት ሲዘገይ ሾፌሮቹ ሁለትም ሦስትም ቀን ሜዳው ላይ ይቀመጣሉ። በእነዚያ ዓመታት ከሥራው ሁሉ የሚበዛው መጠበቅ ነበር። ወረቀት ይጠበቃል፣ ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠበቃል፣ ከግንባር ደብዳቤ ይጠበቃል። ጋሽ ሙሄ ሁለተኛዋን በርጩማ የያዟት እንዲህ ሲጠብቁ ነው።

የተሳቢ መኪና ሾፌር ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ ከአሰብ ሙቀት የለመዱትን ሽርጥ በኮምቦልቻ ብርድም የማያወልቁ ሰው። መጀመሪያ የመጡ ቀን ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ።

«አራት ሰዓት ከሃያ ሦስት» አልኳቸው።

«ከሃያ ብትለኝ ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«ሃያ ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜን ትተው «ደቂቃ» ይሉኝ ጀመር።

«ዳኛው» ያሏቸው ሾፌሮቹ ናቸው። ሰው አስታርቀው አይደለም፤ ጨዋታ ስለሚዳኙ ነው። ገበጣ፣ ዳማ፣ ካርታ፣ ደሴ ክበብ ውስጥ ከረምቦላ፣ ያልተጫወቱት አልነበረም። በእያንዳንዱም ላይ የጸና አስተያየት ነበራቸው። «ገበጣ ሐቀኛ ነው» ይሉ ነበር። «ግን ጠጠሩን በዓይኑ የሚቆጥር ሰው ካጋጠመህ ተነስተህ ሂድ። ያ ሰው እየተጫወተ አይደለም፣ እያረሰ ነው።» ስለ ከረምቦላው ደግሞ፣ «ጠረጴዛው አንድ እግሩ አጭር ነው። ስሸነፍ እግሩን እከሳለሁ። ሳሸንፍ ስለ እግሩ ትንፍሽ አልልም። ሰውን እንዲህ ውሸታም የሚያደርግ ጨዋታ ጥሩ አይደለም።»

በደንብ ያወቅኋቸው ግን በሌሎቹ ጨዋታዎች ነው። አሰብ ወደብ ላይ መርከበኞች በእጅ የሚያዙ፣ የሳሙና ያህል መጠን ያላቸው የኤሌክትሪክ መጫወቻዎች ይሸጡ ነበር። ሾፌሮቹ «ጌም» ይሏቸዋል። ትንሽ መስታወት አላቸው፤ ምስሎቹ ጥቁር ጥላ ሆነው እዚያ ላይ ይመላለሳሉ። ሳትጫወትባቸው ደግሞ መስታወቱ ሰዓት ያሳያል፤ ወደ እኔ ያመጣቸውም እሱ ነው። ጋሽ ሙሄ ፍርዳቸውን ከመስጠታቸው በፊት መስታወቱን በሽርጣቸው ጫፍ ይወለውላሉ፣ ዓይናቸው የቅርብ ነገር ስለማያይላቸው እጃቸውን ዘርግተው ያርቁታል፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ያጸዳሉ።

መጀመሪያ ያመጡት የመኪና ነበር። መኪናህ ታች ቆሞ ሌሎቹ ከላይ እየመጡ ታመልጣቸዋለህ።

«መንገዱ ቀጥ ያለ ነው» አሉ። «አቀበት የለ፣ ቁልቁለት የለ። ፍሬንም የለውም! ስትጋጭ ብልጭ ትልና እንደገና ትመጣለህ። ወላሂ ይህን የሠራ ሰው መሪ ጨብጦ አያውቅም። ሙሉ ጭነት ጭኜ የሐረጎን ቁልቁለት ላስወርደውና ከዚያ ይሥራ።»

ሁለተኛው የተኩስ ነበር። አንድ ሳምንት ተጫወቱበትና ለመርከበኛ መልሰው በሸራ ጫማ ለወጡት። ምነው ስላቸው ድምጻቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጥይቱ አያልቅም። መቶ ጊዜ ተኮስኩ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ተኮስኩ፣ አያልቅም። የሞተውም ሬሳው አይታይም፣ ይጠፋል። ይህ ዋሾ ጨዋታ ነው፣ ደቂቃ።»

አሰብ ውስጥ መርከበኞች በሚዝናኑበት ቤት ሳንቲም የሚበላ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል ጌምም ሞክረዋል። «ቸኩሎ ይገድልሃል» አሉ። «ምን እንዳጠፋህ ሳታውቅ ትሞታለህ። ለምን? ሌላ ሳንቲም እንድታጎርሰው ነዋ። ጨዋታ ሲገድልህ ምክንያቱን ሊያሳይህ ይገባል።»

ያጸደቁት አንዱን ብቻ ነው። እሱም ልጃቸው ጀማል «ወዛደሩ» ብሎ ስም ያወጣለት ነው። ከላይ መርከብ አለ፤ ከመርከቡ ጆንያ ይወርዳል፤ ከታች ጋሪ የያዘ ሰው ግራና ቀኝ እየሮጠ ይቀበላል። በሁለት ቁልፍ ታስሮጠዋለህ። ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ነጥብ ታገኛለህ፤ ሦስት ከወደቀብህ አለቀ።

«ይህ አይዋሽም» አሉኝ መስታወቱን እየወለወሉ። «ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይፈጥናል። ሲወድቅብህ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ታየዋለህ። አንድ ነገር ብቻ ነው ቅር የሚለኝ።»

«ምን?»

«ሰውዬው ምሳ አይበላም።»

አንድ ቀን እንደዚሁ ሲጫወቱ ሦስተኛው ጆንያ አመለጣቸውና፣ «ወዛደሩ ወደቀ!» ብለው ጮኹ። ቀና ሲሉ መስኮቱ ላይ ሰዓቱን ሊወስድ የመጣ ካድሬ ቆሟል።

«ማን ነው የወደቀው?»

«ጆንያ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ሙሄ ብድግ ብለው። «ወዛደሩስ ቆሟል። ይኸው፣ ይዩት።»

ካድሬው ተቀብሎ አየው። ከዚያ መጫወት ጀመረ። መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወተ። ሠላሳ እንኳ አልሞላም። ሲመልስላቸው ኮስተር ብሎ፣ «ጥሩ ነው። ሥራን ያስተምራል» አለና ሄደ። ጋሽ ሙሄ እስኪርቅ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ፤ «ሰማኸው? ሥራን ያስተምራል! ያውም ጾሙን!»

ጀማልን ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ደሴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ረጅም፣ አባቱን የሚያበሽቅ ልጅ ነበር። «አባ፣ አንተ እኮ ትፈርዳለህ እንጂ አትጫወትም» ይላቸዋል። እውነቱን ነበር፤ ከእሱ በላይ ጆንያ የሚቀበል አልነበረም። ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ደርሷል። መጫወቻው ከሁሉ የበለጠውን ነጥብ ያስቀምጣል፤ አንዱን ቁልፍ ተጭነህ ስትይዝ ያሳይሃል። ሌላ ሰው ከበለጠው የድሮው ይጠፋና አዲሱ ይተካል።

ብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ የጀማል ስም ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ሲሄድ መጫወቻውን ለአባቱ ሰጣቸው። መጀመሪያ አካባቢ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፤ ከዚያ እየራቀ ሄደ።

ጋሽ ሙሄ ከዚያ በኋላ ወዛደሩን ሳይዙ ሱቄ አልመጡም። እኔ እየሠራሁ ጣቶቻቸውን አያለሁ። ጎበዝ ሆነው ነበር። ሰባት መቶ፣ ሰባት መቶ ሃምሳ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሦስት ጆንያ በተከታታይ ይወድቃል። አንድ ሁለቴ ሲሆን ድካም መሰለኝ። ደጋግሜ ሳየው ግን ከመውደቁ በፊት አውራ ጣታቸው ከቁልፉ ላይ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ሆን ብለው ነው የሚጥሉት» አልኳቸው።

 እንደ ልማዳቸው መስታወቱን ወለወሉት።

«ካለፍኩት የሱ ይጠፋላ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ ትቶልኝ የሄደው ነገር ይህ ቁጥር ነው። ልብሱን ታናናሾቹ ለብሰውታል። እስኪመጣ ቁጥሩን እጠብቅለታለሁ። ቁጥሩ ካለ እሱም አለ እላለሁ። ሞኝ በለኝ።»

ሞኝ አላልኳቸውም።

ዓመት ሊሞላ ሲል የመስታወቱ ጥላዎች መደብዘዝ ጀመሩ። ድንጋዩ አልቋል ማለት ነው። እነዚህ መጫወቻዎች የሚያስታውሱት የሰዓት ድንጋዮቹ ውስጣቸው እስካሉ ብቻ ነው፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ከተነሱ ሰዓቱንም ነጥቡንም ይረሳሉ። ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«ሳይረሳ መለወጥ አይቻልም?»

«ይቻላል። አዲሶቹን በሽቦ አገናኝቼ፣ አሮጌዎቹን ከዚያ በኋላ አወጣለሁ። መብራቱ አይቋረጥበትም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። እርግጠኛ ነበርኩ።

መኪናቸው ወደ አሰብ ልትነሳ ነበር። መጫወቻውን በመሐረብ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። «አፈር ስሆን ደቂቃ፣ ስድስት ቀን አለህ፤ አትቸኩል» አሉኝ። «ይህ ከጠፋ ምን ይዤ እጠብቃለሁ?»

አልቸኮልኩም። ሁለት ስስ ሽቦ በየድኩ፣ አዲሶቹን ድንጋዮች አገናኘሁ፣ ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ። ከዚያ አሮጌዎቹን በመርፌ ጫፍ ገፋ አድርጌ ሳወጣ የያዛቸው ስፕሪንግ ተፈናጠረና አንዱን ሽቦ ከነብየዳው ነቀለው። መስታወቱ ባዶ ሆነ። ሽቦውን መልሼ ስነካው ምስሎቹ ሁሉ አንድ ላይ ቦግ አሉ፤ ከዚያ ሰዓቱ ከአሥራ ሁለት ጀመረ። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ሦስት ዜሮ።

ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከዚያ ሱቁን ከውስጥ ዘግቼ መጫወት ጀመርኩ።

ጌም ተጫውቼ አላውቅም ነበር። መስታወቱ የራሱ ብርሃን ስለሌለው መጫወት የሚቻለው በቀን ነው፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ ሲዞር እኔም በርጩማዬን ይዤ እዞር ነበር። ሰው እያንኳኳ ይሄዳል። በመጀመሪያው ቀን ከዘጠና አላለፍኩም። በሁለተኛው ሦስት መቶ፣ በሦስተኛው ስድስት መቶ አርባ። አውራ ጣቶቼ አብጠው ቁልፉን ስነካ ያመኝ ነበር። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ስምንት መቶ አለፍኩ፤ አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት፤ ጣቴን ተነሳ ብለውም እምቢ አለኝ። ያን ያህል ሰዓት መቀበል ብቻ ስለለመደ መተው ጠፋበት። ስምንት መቶ አሥራ አምስት ላይ ቆምኩ። የበለጠ ነጥብ ተመዝግቧልና ድንጋዩን አውጥቼ እንደገና ከዜሮ መጀመር ነበረብኝ። ያን ጊዜ ያለቀስኩት በድካም ነው።

በአምስተኛው ቀን ስምንት መቶ አሥራ ሁለት ላይ ሁለቱንም እጄን ከመጫወቻው ላይ አነሳሁና ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ጆንያዎቹ ሲወድቁ አየሁ። ከዚያ ሬዲዮው ሰዓት ሲመታ ጠብቄ ሰዓቱን ሴኮንዱ ሳይቀር አስተካከልኩት። ብሎኖቹን አጠበቅሁ፣ በመሐረባቸው ጠቀለልኩት።

ጋሽ ሙሄ አቧራቸውን ሳያራግፉ መጡ።

«አሰላሙ አለይኩም ደቂቃ። አለ?»

«አለ» አልኩ። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

ቁልፉን ተጭነው ያዙ። ቁጥሩን አዩት። ሲለቁት ሰዓቱ መጣ፤ እሱንም አዩት፣ እንዲያውም ከቁጥሩ ይልቅ ረዘም አድርገው ነው ያዩት። ጠረጴዛዬ ላይ የተዘረጉትን ሰዓቶች ቃኙ፤ ጣቶቼንም ያዩ መሰለኝ። «እጅህ ይባረክ፣ አላህ ይስጥህ» ብለው መሐረቡን አጣጥፈው ወጡ። ያን ቀን አልተጫወቱም።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሱቄ ተቀምጠው ሲጫወቱ ስምንት መቶ ደረሱ፤ ጣታቸው አልተነሳም።

«ጋሼ፣ ሊያልፉት ነው!»

«ይለፍ» አሉ፣ ዓይናቸውን ሳያነሱ።

ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ላይ ነው የወደቀባቸው። መጫወቻውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ረጅም ጊዜ ግድግዳውን አዩ። «ደከመኝ» አሉ።  ደብዳቤ ከመጣ አምስት ወር አልፎ ነበር። ከልጃቸው ተስፋ ቆረጡ ብዬ ደመደምኩ። ያለፉት ቁጥር ግን እኔ የሠራሁት ነበር። ልነግራቸው ብዙ ጊዜ አፌን ከፍቼ ስለ አየሩ አወራሁ።

ከወራት በኋላ የመጫወቻውን ሰዓት በአጋጣሚ ሳየው ሰባት ደቂቃ ይቀድማል። አፈርኩ። «ያምጡት ላስተካክለው፣ ርካሽ ዕቃ ስለሆነ እየቀደመ ነው» አልኳቸው። «ተወው» አሉ፤ «እሱ እንዲህ ነው የሚሄደው።»

ኋላ ሳንባቸው ታመመና መንዳት አቆሙ። ጀማል እግሩን ቆስሎ ከሆስፒታል ተሰናብቶ ደሴ መግባቱን ከሾፌሮች ሰማሁ። ደስ አለኝ፤ ግን ወጥቼ ልጠይቃቸው አልደፈርኩም። ደሴ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ነው። ሥራ በዛብኝ እያልኩ ከረምኩ።

ሾፌሩ በነገረኝ ማግስት ለለቅሶ ወጣሁ። ቤታቸው ደሴ፣ ሸዋበር ሰፈር ነው። ግቢው ውስጥ የተዘረጋው ሸራ ሥር ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጋሉ። ጀማል ዱላ ተደግፎ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ። ሰውነቱ አልቋል፤ ሳቁ ግን ያው ነው።

«ደቂቃ፣ አንተ ነህ?» አለኝ። ከኪሱ ያንን መሐረብ አወጣ። «ድንጋዩ እያለቀ ነው። የአባቴ ቁጥር አለበት። ከመጣሁ ጀምሮ እሞክራለሁ፣ ዘጠኝ መቶ እንኳ አልሞላልኝም። አልጋው ላይ ሆኖ ‹ገና ነህ› ይለኝ ነበር። እንዳይጠፋ አድርገህ ትለውጥልኛለህ?»

አልተቀበልኩትም። «ልንገርህ» አልኩት። «ያንተን ቁጥር አጥፍቼዋለሁ። ስምንት መቶ አሥራ ሁለቱ ያንተ አልነበረም። እኔ ነኝ ተጫውቼ የሞላሁት። ጋሼን ዋሸኋቸው።»

ጀማል ሳቀ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አፉን በእጁ ያዘ።

«ያውቃልኮ! ያኔውኑ ነው ያወቀው።»

«በምን?»

«በሰዓቱ። አባቴ ለጠዋት ስምሪት ስለሚዘገይ ሰባት ደቂቃ አስቀድሜ ሞልቼለት ነበር። እያወቀም ይቸኩልበታል። አንተ ስትመልስለት ልክ ሆኗል፤ ኋላ መልሶ ያስቀደመው ራሱ ነው።»

ያ ሰዓት ሲሰጡኝም ይቀድም ነበር ማለት ነው። አይቼዋለሁ፤ ድንጋዩ ስለደከመ የተዛባ መስሎኝ ነበር። የተሳሳተ ሰዓት እጄ ገብቶ ሳላስተካክለው ወጥቶ አያውቅም።

«ለምን አልተናገሩኝም?»

«እኔም ጠይቄው ነበር» አለ ጀማል። «‹ምን ብዬ?› አለኝ። ግንባር እያለሁ ደብዳቤ ጻፈልኝ፤ ሰላምታ እንኳ የለውም። ‹ቁጥርህ ጠፍቷል። እኔ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት ነኝ። መጥተህ ብለጠኝ› ይላል። ምሽጉ ውስጥ ለጓደኞቼ ሳነብላቸው በሳቅ ፈረሱ። አንተን ደግሞ ሲያነሳ ምን ይል ነበር መሰለህ? ‹እኔ ብዙ ተጫዋች አይቻለሁ። ሁሉም መድረስ ነው የሚፈልገው። ያ ልጅ ግን ሄዶ ሄዶ አሥራ ሁለት ላይ አቆመ። ማቆም እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቃለሁ፤ ዓመት ሙሉ ሳቆም ነው የኖርኩ። ከዚያ ወዲያ ጨዋታ አላየሁም› ይል ነበር።»

መሐረቡን ተቀበልኩት።

ኮምቦልቻ ስመለስ በማግስቱ ጠዋት በሩን ዘግቼ ሥራውን ጀመርኩ። በዚህ ጊዜ ሽቦዎቹን በሁለት ቦታ በየድኳቸው፤ ስፕሪንጉንም አስቀድሜ በክር አሰርኩት። አሮጌዎቹ ድንጋዮች ሲወጡ መስታወቱ አልተርገበገበም። ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩ። ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት።

ስለቀው ሰዓቱ መጣ። ሬዲዮው አራት ሰዓት ሲመታ እሱ አራት ከሰባት ይላል። አውራ ጣቴ ማስተካከያው ቁልፍ ላይ አረፈ፤ ትንሽ ቆየ። ከዚያ አነሳሁትና ክዳኑን ገጠምኩ።